«በጓሮ ዞሮ ገባ»፦ ዞሮን ለልጆች በአማርኛ እንዴት መተረክ ይቻላል?

እንጅባራ ክረምቱ ረጅም ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭጋጉ ሜዳውን ይሸፍነዋል፣ ልጅ ውጭ ወጥቶ አይጫወትም። ቅዳሜ ቅዳሜ የእህቴ ልጆችና የጎረቤት ልጆች እኔ ቤት ይሰበሰባሉ። አንዳንዴ ስምንት፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ይሆናሉ። ድንች እቀቅላለሁ። ሚጥሚጣ በሰሃን አቀርባለሁ። ላፕቶፑን ሣጥን ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ዞሮ የሚባለውን ባለ ጭምብል ጀግና ፊልም እናያለን።

ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ አማርኛና አዊኛ እንጂ እንግሊዝኛ ገና አልያዛቸውም። ስለዚህ እኔ ከጎን ተቀምጬ እተርካለሁ። ይኼ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ያየ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው የምታደርጊው?» ይለኛል። እናንተም ቤት ልጆች ካሉ፣ እኔ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ዞሮ ብዙ ነው። እኔ የምላችሁ ዋልት ዲዝኒ የሠራውን፣ ኤቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ1957 እስከ 1959 የታየውን ተከታታይ ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 78 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ለግማሽ ሰዓት ፕሮግራም የተሠራ ነው፤ ለልጅ ትዕግሥት ልክ ነው። ዋናውን ሰው የሚጫወተው ጋይ ዊሊያምስ ነው። ገጸ ባሕሪውን የፈጠረው ጆንስተን ማኩሌይ የሚባል ደራሲ ሲሆን፣ መጀመሪያ የወጣው በ1919 በመጽሔት ላይ ነበር። ፊልሙ የተሠራው በጥቁርና ነጭ ነው። በኋላ ቀለም የተቀባ ቅጂም ወጥቷል። እናንተ ጥቁርና ነጩን ፈልጉ። ጥቁሩ ካባ ከሌሊቱ ጋር ሲቀላቀል፣ ልጆቹ ዞሮን በዓይናቸው ይፈልጉታል። በቀለሙ ያ ፍለጋ ይቀንሳል።

ታሪኩ 1820 ላይ ነው፤ ካሊፎርኒያ በስፔን እጅ ሳለች፣ ሎስ አንጀለስ ገና ትንሽ መንደር ሳለች። ልጆቹ «ያኔ እኛ ጋ ምን ነበር?» ማለታቸው አይቀርም። ዘመነ መሳፍንት ነበር በሏቸው። መኳንንቱ እርስ በርስ ይዋጉ ነበር፣ ገበሬው በሁሉም ይዘረፍ ነበር። ይኼን ከሰሙ የፊልሙ ጨካኝ ሻምበል ለምን እንደሚፈራ ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ዋናው ሰው ዲዬጎ የሀብታም ልጅ ነው። ስፔን ተምሮ በመርከብ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሳይወርድ ገና፣ አንድ ጨካኝ አዛዥ አገሩን እንደያዘው ይሰማል። ጎራዴ አሳምሮ ያውቃል። ግን ይደብቃል። ቀን ቀን መጽሐፍ ብቻ የሚወድ፣ ድብድብ የሚፈራ ሰው መስሎ ይኖራል። ሌሊት ጭምብል አጥልቆ፣ ጥቁር ፈረስ ላይ ወጥቶ የተበደሉትን ያድናል። ዞሮ በስፓኒሽ ቀበሮ ማለት ነው። «አንበሳ መሆን ካልቻልክ ቀበሮ ሁን» የሚለው ሐሳብ እዚያው መርከቡ ላይ ይነሳል። እኛ አገር ቀበሮ የበግ ግልገል ሌባ ስለሆነ፣ እረኛ የሆኑት ልጆች መጀመሪያ ላይ ፊታቸው ይጨማደዳል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቀበሮ በጉልበት ውሻን እንደማትችል፣ ግን ከውሻ አምልጣ እንደምታድር አስታውሷቸው። እነሱ ከእናንተ የበለጠ ያውቁታል፤ አስሩ ባንድ ጊዜ ያወራሉ።

አሁን ወደ ሥራው።

ክፍሉን ቀድማችሁ ሦስት ጊዜ እዩት። አንድ ጊዜ እንደማንኛውም ሰው። አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ። አንድ ጊዜ ደብተር ይዛችሁ። ድምፅ ዘግቶ ማየት ትልቅ ነገር ነው። የትኛው ቦታ ላይ ሥዕሉ ብቻውን እንደሚናገር ታውቃላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ አፋችሁን መዝጋት አለባችሁ። ጀማሪ ተራኪ ዝም ማለት ያስፈራዋል፤ ፈረስ ሲጋልብ «ይኸው እየጋለበ ነው» ይላል። ልጁ እያየው ነው እኮ! በተለይ የእንጅባራ ልጅ ስለ ፈረስ አይነገረውም። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያደገ ልጅ ነው። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ አወጣጡ፣ ሁሉንም እሱ ነው የሚነግራችሁ። እኔ ፈረሱ የሚታይበት ቦታ ሁሉ ላይ ትረካውን ለልጆቹ ትቼዋለሁ። የፈረሱን ስም ብቻ ተረጎምኩ። ቶርኔዶ ነው ስሙ፤ እኔ «አውሎ» እለዋለሁ።

ማዕረጎቹ ቀላል ናቸው። ጨካኙ አዛዥ ካፒቴን ሞናስታርዮ ሻምበል ሞናስታርዮ ይሆናል። ሳጅን ጋርሲያ ሃምሳ አለቃ ጋርሲያ ይሆናል። «ሃምሳ አለቃ» ሲባል ልጆቹ ወዲያው ሰውዬውን ያገኙታል፤ ሆዱ፣ ወይን መውደዱ፣ አለቃውን መፍራቱ፣ ልቡ ደግሞ ንጹሕ መሆኑ። «ዶን» የሚለውን የስፓኒሽ የክብር መጠሪያ ግን አልነካሁትም። እንደ ስም ሆኖ ይቆያል።

አሁን ዋናው ነገር፦ አንቱና አንተ።

እንግሊዝኛው ለሁሉም ሰው አንድ ቃል ነው የሚለው። የኛ አማርኛ ግን ሰውን ሳይመዝን አፉን አይከፍትም። ሃምሳ አለቃው ዲዬጎን ቀን ሲያገኘው የጌታ ልጅ ነውና «አንቱ» ይለዋል። «እንደምን ዋሉ ዶን ዲዬጎ? ይግቡ ይቀመጡ» ይላል። ማታ ያንኑ ሰው በጭምብል ሲያገኘው «አንተ ሽፍታ! ቁም!» ይለዋል። አንድ ሰው ነው። ቀን አንቱ፣ ሌሊት አንተ። የሁለት ኑሮው ትርጉም በሙሉ እዚች ላይ አለ። በራሱ በእንግሊዝኛው እንኳ ይኼ የለም። እኛ ስንተርከው ነው የሚጨመረው።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ማን ማንን ምን ይለዋል? ዲዬጎ አባቱን አንቱ ይላል፤ የጎጃም ልጅ አባቱን አንተ አይልም። አባትየው ልጁን አንተ ይላል። ሻምበሉ ለይምሰል ዲዬጎን አንቱ ይላል፤ ሲናደድ ግን አንተ ይወጣዋል። ያቺ ለውጥ ራሷ ትረካ ናት። ዞሮ ሃምሳ አለቃውን «አንተ» ይለዋል፣ ዲዬጎ ግን «አንቱ» ይለዋል፤ ሃምሳ አለቃው በዕድሜም በሹመትም ሰው ነውና ጨዋ ልጅ ያከብረዋል። ዞሮን ሲጠሩትም ቃሉ እንደ አፉ ይለያይ። ወታደሩ ሽፍታ ይለዋል። ገበሬው ጀግናው ይለዋል። እናንተ ተራኪዎቹ ደግሞ ሁልጊዜ ዞሮ በሉት፤ አትፍረዱ።

ይኼን ሳላውቅ አንድ ቀን ተሳስቼ ነበር። ስለ ዲዬጎ ስተርክ «ዶን ዲዬጎ መጡ፣ ተቀመጡ» እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ጭምብሉን አጥልቆ ሲወጣ ምላሴ አልተመለሰም፤ «ዞሮ ከግድግዳው ዘለሉ» አልኩ። ከወታደሮቹ አንዱ የሚናገረውን እየተረኩ ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጅ ዘላ ተነሳች። «ወታደሩ አወቀ! አንቱ አለው!» ብላ ጮኸች። ልክ ነበረች። ወታደሩ ዞሮን አንቱ ካለ፣ ማንነቱን አውቋል ማለት ነው። ፊልሙን አቁሜ «ወታደሩ አላወቀም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እጽፈዋለሁ።

ሁለተኛው ጌጥ ስሙ ነው። ዞሮ! ይኼ ቃል እኮ የኛ ነው። ዞረ፣ ዞሮ። ሰው በጓሮ ዞሮ ይገባል፣ ሰው ዞሮ ያያል፣ ገበያ ዞሮ ይመጣል። ጎጃም ተወልዶ ቅኔ ያልሰማ የለም። እዚህ ቃል ላይ ሰምና ወርቅ ተኝቶ ሲያያችሁ ዝም ብላችሁ እንዴት ታልፋላችሁ? ሰሙ የሚዞረው ሰው ነው። ወርቁ ባለ ጭምብሉ ነው። ህብሩ፣ ሁለቱን ፍቺ የያዘው ቃል፣ «ዞሮ» ነው።

እንዲህ አድርጉ። ሃምሳ አለቃው ጠዋት ላይ ወደ ዲዬጎ መጥቶ በማዘን ይጠይቃል፦ «ዶን ዲዬጎ፣ በሩ ላይ ስድስት ዘብ አቁሜ እስረኛው ጠፋ። ያ ሽፍታ በየት ገባ ይላሉ?» ዲዬጎ መጽሐፉን ሳይዘጋ ይመልሳል፦ «እኔ ምን አውቃለሁ ሃምሳ አለቃ፤ በጓሮ ዞሮ ገባ ይባላል እንጂ።» ሃምሳ አለቃው «እውነት ነው፣ በጓሮ ዞሮ ነው የገባ!» ብሎ ያመሰግናል። ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ልጆቹ ወርቁን ይዘው ይቀራሉ። መጀመሪያ ይኼን ያልኩ ቀን ለደቂቃ ያህል ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ገባው። ለሌላው በጆሮው ነገረው። ከዚያ ቤቱ ተናጋ።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። አንደኛ፣ በአንድ ክፍል ከሁለት ጊዜ በላይ አትጠቀሙበት፤ ይረክሳል። ሁለተኛ፣ ህብሩን በፍጹም አታስረዱ። ያልገባው ልጅ ካለ የገባው ይነግረዋል። ልጅ ከልጅ ሲሰማው ነው የሚጣፍጠው።

ቤርናርዶ ላይ ሌላ ሥራ አለባችሁ። የዲዬጎ አገልጋይ ነው፤ ምስጢሩንም ያውቃል። መናገር አይችልም። ጆሮው ግን ይሰማል። ጌታውን ለመርዳት የማይሰማ መስሎ ይኖራል። እሱ ፊት ሰው ሁሉ ምስጢር ያወራል። እሱም ሁለት ኑሮ አለው ማለት ነው፤ ዞሮ ጭምብል አለው፣ ቤርናርዶ ዝምታው ጭምብሉ ነው። የሚጫወተው ጂን ሼልደን ሁሉን ነገር በእጁና በፊቱ ይናገራል። እናንተ ድምፅ አትስጡት። «አሁን እንዲህ እያለ ነው» ካላችሁ ገደላችሁት። እኔ ቤት ምን ማለቱ እንደሆነ ልጆቹ ናቸው የሚገምቱት። ጎረቤታችን ያለ አንድ ልጅ አይሰማም። መጀመሪያ ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር። ቤርናርዶ ሲመጣ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሱ ሆነ። አሁን የቤርናርዶ ተራኪ እሱ ነው። ከፊት አስቀምጬዋለሁ፤ እጁን እያየን እኛ ነን የምንከተለው። አንድ ነገር ግን ለልጆቹ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፦ ቤርናርዶ ተዋናይ ሆኖ ያስመስላል፤ ጓደኛችሁ አያስመስልም።

ድብድቡ ላይ ብዙ የምላችሁ የለም። አጭር ቃል ተጠቀሙ። «ሰነዘረ። መከተ። ሳተው።» በቃ። ልጆቹ ሲወጡ ዱላ ማንሳታቸው ስለማይቀር ግን አስቀድማችሁ ሕግ አውጡ። ፍሬድ ኬቨንስ የሚባል የጎራዴ መምህር ተዋናዩን እንዳሠለጠነው፣ እያንዳንዱ ምት አስቀድሞ እንደተጠና ንገሯቸው። እኔ ቤት ሽመል አይነካም። ጋዜጣ ጠቅልለን ጎራዴ እንሠራለን፣ ከአንገት በላይ መምታት ክልክል ነው። ጭምብሉ አሮጌ ጥቁር ነጠላ ጨርቅ ነው፤ የዓይኑን ቀዳዳ ትልቅ አድርጉት፣ ካልሆነ ተጋጭተው ይወድቃሉ።

ምልክቱም መዘዝ አለው። ዞሮ በሄደበት ሁሉ በጎራዴው ጫፍ የላቲኑን ዜድ ይጭራል። ሦስት ምት ብቻ ነው። እህቴ ግድግዳዋን አዲስ መርጋ ገና ሳይደርቅ፣ የገዛ ልጇ በምስማር ከዳር እስከ ዳር ጭሮበት አደረ። አዘንኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ሳላስጠነቅቅ ነው ያሳየሁት። እንደገና አብሬያት መረግሁ። አሁን አሮጌ ጣውላና ከሰል በር ላይ አስቀምጣለሁ። የሚጭር እዚያ ይጭራል። በነገራችን ላይ አንድ ልጅ «ዞሮ አማርኛ ቢያውቅ ‹ዞ› ነበር የሚጽፍ» ብሎ ተከራከረ። ሞክረው አልኩት። ሞከረው። «ወታደሩ ይደርስብኛል» ብሎ ወደ ሦስቱ ምት ተመለሰ።

እዚህ ድረስ ያልኳችሁ ሁሉ ሙያ ነው። ልቤ ያለበት ግን ሌላ ነው።

ብዙ ሰው ይኼን ታሪክ ሲተርክ ወደ ጭምብሉ ይቸኩላል። እኔ ቀኑ ላይ ቆዩ እላችኋለሁ። በመጀመሪያው ክፍል አባትየው ዶን አሌሃንድሮ ልጃቸውን በናፍቆት ነው የሚጠብቁት። ጎረቤታቸው ናቾ ቶሬስ ያለ ጥፋቱ ታስሯል። ልጄ መጣ፣ ጎራዴ ይመዛል ብለው አስበዋል። ልጃቸው ግን ደብዳቤ ይጻፍ ይላል። የአባትየውን ፊት እዩት። እዚያ ላይ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። አትቸኩሉ። ከተቻለ ፊልሙን አቁሙትና ዝም በሉ።

እኛ አገር ጀግና ሲፎክር የአባቱን ስም ይጠራል። «የእገሌ ልጅ!» ይላል። የፈረሱን ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ዞሮም የሌሊት ስም አለው፤ ግን በአባቱ ስም መፎከር አይችልም። ስሙን ከጠራ አባቱ ይታሰራሉ። ጀግና ሆኖ፣ ከአባቱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ቀርቦ፣ ፈሪ ተብሎ መብላት። ልጆቹ ይኼን ከጎራዴው ድብድብ ይልቅ ያስታውሱታል። አንዱ ልጅ «ለአባቱ ብቻ ቢነግራቸውስ?» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ጠይቆኛል።

ይኼ ለእኔ የፊልም ነገር ብቻ አይደለም። አያቴ ስለ ጣሊያን ጊዜ ይነግሩን ነበር። የውስጥ አርበኛ የሚባሉ ነበሩ። ቀን ከጣሊያን ጋር ይሠራሉ፣ ሌሊት ለአርበኛው ጥይትና ወሬ ያቀብላሉ። ከአያቴ ሰፈር አንድ ሰው እንዲህ ነበሩ። ልጆቻቸው ውኃ ሲቀዱ «የባንዳ ልጅ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። እቤት ገብተው ያለቅሳሉ፤ አባትየው ሰምተው ዝም ይላሉ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠው። አያቴ ይኼን ሲነግሩን ስለ ጥይቱ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለዚያ ዝምታ ነበር። እኔ ዲዬጎን በአባቱ ፊት ባየሁት ቁጥር እሳቸውን አስባለሁ። ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። እናንተም ከሰፈራችሁ ሽማግሌ ጠይቁ። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለበት ቀበሌ ያለ አይመስለኝም። ካገኛችሁ ከፊልሙ በፊት አውሩት፣ ከፊልሙ በኋላ አይሁን። በኋላ ሲሆን ትምህርት ይመስላል።

ጥቂት የቤት ነገር ልጨምር። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ትረካ የለም፤ አይሰማም። እኔ ሰዓቱን አውቄው ስምንት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። መብራት ቢጠፋና ባትሪው ቢያልቅ አትበትኗቸው። ክፍሉን ሦስት ጊዜ አይታችሁታል፤ በቃል ጨርሱት። የድንገተኛ ጨለማ ቀን ነው እንዲያውም የተሻለ የሚተረከው። በቀን ከአንድ ክፍል በላይ አታሳዩ። ሲያልቅ «ቀጥሎስ?» እያሉ ወደ ቤታቸው ይሂዱ። አባትየው መቼ ያውቃሉ ብለው ቢለምኗችሁም አትንገሩ።

ልጆቹ የሚሉትን ደግሞ ጻፉት። እኔ የደብተሬን የመጨረሻ ገጾች ለእነሱ ትቻለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ያ «ለአባቱ ብቻ ቢነግራቸውስ» ሲለኝ የነበረው ልጅ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ በር ላይ ቆሞ ራሱ የሠራውን አሰማን፦

ዘቡ በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቶ፣
እስረኛውን ፈታው ከኋላ ዞሮ ገብቶ።

በመጪው ቅዳሜ ዲዬጎ ለሃምሳ አለቃው የሚለው ይኼንን ነው። በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።